ቤንዚን ወደ ላይ አይፈስም

ማደያው አራት ማሽኖች አሉት። ሦስቱ ባዶ ቆመው እንኳ ሾፌሮች ከሁለተኛው ማሽን ፊት ይሰለፉ ነበር። እዚያ የምትቀዳውን ሴት በስሟ የሚያውቃት ጥቂት ነው። ሾፌሮች «ጠብ-አይላት» የሚል ስም አወጡላትና እሱው ጸደቀ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አንድ መኪና ጎን ላይ የቤንዚን መስመር አስወርዳ አታውቅም።

አሠራሯ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። የመቅጃውን አፍንጫ ከማስገባቷ በፊት አንገቱ ላይ ጨርቅ ትጠመጥማለች። ማሽኑ ቀጭ ብሎ ራሱን ሲያቆም እሷም ታቆማለች፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ጠብታ አትጨምርም። አፍንጫውንም ወዲያው አትመዘውም። በልቧ እስከ አምስት ትቆጥራለች፣ የቀረው ወደ ታንኩ ይንጠባጠባል። ከዚያ ጫፉን ቀና አድርጋ ታወጣና በማሽኑ እግር ሥር ባለች ቆርቆሮ ውስጥ ታራግፈዋለች። ይኸው ነው።

ሌሎቹ ቀጂዎች እንዲህ አይደክሙም። ሾፌሩ «እስከ አፉ!» ካለ እስከ አፉ ነው። አንዳንዱ ሾፌር እንዲያውም ወርዶ መኪናውን በትከሻው እያወዛወዘ፣ እህል እንደሚጠቀጥቅ ሰው፣ ሌላ ሊትር ሊያስገባ ይሞክራል። እሷ ዘንድ ይህ አይሠራም።

«ጠብ-አይላት፣ አንዲት ጉንጭ ብትጨምሪለት ምን ትሆኛለሽ?» ይላታል አንዱ።

«ሆዱ ሞልቷል። ጉሮሮው ላይ ላንቀው?»

ይስቃሉ። ሴትዮዋ ቤንዚን ሳይሆን ሽቶ ነው የምትቀዳው እያሉ ያሟታል። ግን ነገ ተመልሰው እሷው ፊት ይሰለፋሉ።

ይህን ያስተማራት ከእሷ በፊት በዚያ ማሽን ላይ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሥራ በጀመረች ሳምንት የአንድ አሮጌ መኪና የነዳጅ ክዳን በር ከፍተው፣ በመሙያው አፍ ዙሪያ ያለውን ጎማ በጣቷ እንድትነካው አደረጉ። ጎማው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ነበር። ጎማ ቤንዚን ሲጠጣ መጀመሪያ ይወፍራል፣ ይጠቁራል፣ ያምርበታል አሏት። ጉዱ የሚወጣው ሲደርቅ ነው። ያኔ ዝናብ ያስገባል፣ ሽታ ያስወጣል፣ ውሃው ታንክ ውስጥ ገብቶ መኪናውን መንገድ ላይ ይገትረዋል። ባለቤቱ ደግሞ ምክንያቱን ሲፈልግ ዓመት ይፈጃል፤ እዚያች ቦታ ላይ የሚያይ ሰው የለምና። ስለዚህ የምትቀጂው ለመኪናው ብቻ ሳይሆን ለጎማውም ነው አሏት። እሷም ይህን እንደ አደራ ያዘችው።

እናቷ የሞተችው እሷ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። እህቷ ሰባት ዓመቷ ነበር። አባት የሚባል ሰው አልነበረም። አሥረኛ ክፍል ላይ ደብተሯን አጥፋ ሥራ ፍለጋ ወጣች፤ የሰው ቤት ወለል ወለወለች፣ የሻይ ቤት ብርጭቆ አጠበች፣ በመጨረሻ ማደያው ተቀበላት። ታናሿን ፊደል ያስቆጠረቻት እሷው ናት፤ የሲሚንቶ ወለል ላይ በጠመኔ እየጻፈች። ልጅቷ የፊደሎቿን እግር ወደ ግራ ጠምዘዝ ማድረግ ትወድ ነበር፤ አይሆንም ብትላትም አልተወችም። ውሎ አድሮ ያ አጻጻፍ ለትልቋም ደስ ይላት ጀመር። እህቷን ሁለተኛ ደረጃ አስጨረሰች፣ የጽሕፈት ኮርስ አስተማረች፣ ዳረች።

ያገባት መካኒክ ነው። ሳቂታ፣ ሲሠራ የሚያፏጭ፣ ሰው የማይጠላው። እጁ ጥሩ ነበር፤ የሚሠራበት ቦታ ግን አልነበረውም፤ መንገድ ዳር ሳጥኑን ዘርግቶ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ የሚሸሽ ነበር። የማደያውን ሥራ አስኪያጅ ለምና ከማደያው ጀርባ ያለችውን ጠባብ ቦታ ያስከራየችው ጠብ-አይላት ናት። ከዚያ ወዲህ መኪናው ሲንኳኳ የሰማችውን ሾፌር ሁሉ «ዞር በልና ዋርሳዬን አሳየው» ትለው ነበር። ከእሷ ማሽን የሚቀዱት የሰፈሩ ትምህርት ቤት አራት ሚኒባሶች በየወሩ እሱ ዘንድ የሚፈተሹትም በእሷ በኩል ነው። የምትኖረውም ከእነሱ ጋር ነበር፤ የግቢያቸው አንዷ ክፍል የእሷ ናት፣ ማዕዳቸው አንድ ነው።

ቆርቆሮዋም ወደ እሱ ትሄድ ነበር። ከአፍንጫው የሚራገፈው ተጠራቅሞ በፈረቃው ማብቂያ አንድ ሊትር ገደማ ይሆናል። ደንቡ የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ባለበት ወደ ዋናው ታንክ ይመለስ ይላል። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ ቀጂዎቹም ይህን ደንብ የሚያውቁት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ስላለ ብቻ ነው። ሌሎቹ ይሸጡታል። እሷ ሸጣ አታውቅም፤ ለዋርሳዋ ዕቃ ማጠቢያ ትሰጠዋለች። ስትሰጠው መስጠት አይመስላትም፤ አንድ ዕቃ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል እንደ ማዛወር ነበር።

ነገሩ የተነሣው የበልግ ዝናብ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ነው። የትምህርት ቤቱ ልጆች ሚኒባሱ ይሸተናል እያሉ ወላጆቻቸው ዘንድ መክሰስ ጀመሩ። ሁለቱ ጠዋት ጠዋት ያስታውኩ ነበር። ከዚያ አንዱ ሚኒባስ ዝናብ ላይ፣ ልጆች እንደጫነ፣ መሀል መንገድ ቀጥ አለ። ታንኩ ሲከፈት ውሃ ተገኘበት። በመሙያው አፍ ዙሪያ ያለው ጎማ ተሰነጣጥቆ ዝናቡን እንደ ወንፊት ያሳልፈው ነበር። የሌሎቹ ሦስት ሚኒባሶች ጎማም ሲታይ ያው ሆነ።

የትምህርት ቤቱ ሰርቪሶች ኃላፊ ቁጥብ ሰው ናቸው፤ የቀድሞ የሒሳብ መምህር። ማደያው መጥተው ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። አንድ ወረቀት ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አኖሩና ተቀመጡ። ጠብ-አይላት ተጠራች።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ራሷ እንድታነበው ሰጣት። ስሙ ከዚህ በታች የተጠቀሰው መካኒክ፣ አራቱን ተሽከርካሪዎች መርምሮ፣ የመሙያው ጎማ የተበላሸው ነዳጅ በሚቀዳበት ጊዜ በተደጋጋሚ በመፍሰሱ መሆኑን እንዳረጋገጠ ይናገራል። ከታች የዋርሳዋ ፊርማ አለ።

በፊርማው ደነገጠች፤ ግን ፊርማው አይደለም የቆረጣት። ጽሑፉ ነው። የእያንዳንዱ ፊደል እግር ወደ ግራ ጠምዘዝ ብሏል።

ሥራ አስኪያጁ ምን ትያለሽ አላት። ዓይኗን ከፊደሎቹ አላነሣችም። እሱም ዝምታዋን ጥፋቷን እንደ ማመን ቆጠረውና፣ ትምህርት ቤቱ የማደያው ትልቁ ደንበኛ እንደሆነ፣ ከሁለተኛው ማሽን እንደምትነሣ፣ እስከ ዓርብ የምታቀርበው ነገር ካላት እንድታቀርብ፣ ከሌላት ግን እንደሚያሰናብታት ነገራት። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

በማግሥቱ ሚኒባሶቹ በሦስተኛው ማሽን ሲሰለፉ እሷ መጥረጊያ ይዛ ግቢ እየጠረገች ነበር። አንዱ ሾፌር ያውቃታል፤ ልየው ስትለው እምቢ አላላትም። የክዳኑን በር ከፍታ ጎንበስ አለች። ጎማው በእርግጥ በቤንዚን የተበላ ነው፤ ሽማግሌው ያሳዩዋት ዓይነት። ግን የተበላው ዙሪያውን ነው። ከታችም፣ ከጎንም፣ ከላይም። የክዳኑ በር ሲዘጋ የሚያርፍባት የጣት ጥፍር የምታህል ጎማ አለች፤ እሷ እንኳ ፈራርሳለች። ከመቅጃ የሚፈስ ቤንዚን ወደ ታች ወርዶ ቀለሙን ያቃጥላል፤ የዚህ መኪና ቀለም ደግሞ እንደ መስታወት ንጹሕ ነው። ይህን ያደረገ ቤንዚን አልፈሰሰም። በእጅ የተቀባ ነው።

ወደ ጀርባ ዞረች። ዋርሳዋ የአንዲት ታክሲ ሥራ ጨርሶ እያሳመረ ነበር። ጨርቁን ቆርቆሮው ውስጥ ነከረ፣ ጨመቀ፣ የበሩን ጎማ፣ የመስኮቱን ጎማ፣ የነዳጅ መሙያውን አፍ ዙሪያውን እያፏጨ ወለወለ። ጎማው ወዲያው ጠቆረ፣ አበራ። ባለ ታክሲው፣ አቤት፣ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ አስመሰልክልኝ እኮ እያለ አመሰገነው። ቆርቆሮው የእሷ ነው። እሷ አምስት ቆጥራ፣ ጫፉን ቀና አድርጋ፣ ከመኪናዎቹ ያዳነችው ጠብታ ሁሉ እዚህ መጥቶ በጨርቅ ሲቀባላቸው ኖሯል።

ባለ ታክሲው እስኪሄድ ቆመች። ከዚያ ታውቅ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው።

አልካደም። መካድ ቢችል ይሻላት ነበር። ሲጀምር አያውቅም ነበር፤ መካኒክ ሁሉ በቤንዚን ያጥባል፣ ደንበኛ የሚያበራ ነገር ይወዳል። የጎማዎቹን መሰንጠቅ ሲያይ ግን ገባው። ኃላፊው መጥተው፣ ጥፋተኛው የሚፈትሸው ሰው ነው ወይስ የሚቀዳው ብለው ጠየቁት። እኔ ነኝ ቢል የሚኒባሶቹ ሥራ ይቀርበታል፣ ያለ እነሱ ደግሞ ቦታዋን ይዞ መቆየት አይችልም። ይህን ሁሉ ቁልፉን እያጸዳ ነገራት።

«አንቺን ማን ይነካሻል ብዬ ነው፣ እታለም» አላት። «አንቺ ስም አለሽ። ስም ያለው ሰው አንድ ጥፋት አይከብደውም። እኔ ግን በአንዷ ነው የምወድቀው።»

ከዚያ ሄደች። አልተሳደበችም። ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

እህቷን ያገኘቻት ልብስ ስታሰጣ ነው። ወረቀቱን ማን ጻፈው ብላ አልጠየቀችም፤ የምታውቀውን መጠየቅ አስፈላጊ መስሎ አልታያትም። ለምን አለቻት እንጂ። እህቷ የያዘችውን ሸሚዝ ሁለት ሦስት ጊዜ አራገፈች። እሱ ሲጽፍ ስለማያምርለት እየነገረኝ ጻፍኩለት አለች። ያለ እሱ ሥራ ምን ሊውጠን ነው አለች። ከዚያ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው፣ ቀና ብላ አየቻት።

«መጀመሪያ ‹በቀጂዋ ግዴለሽነት› የሚል ነበረበት። እሷን ቃል እኔ ነኝ ያስወጣሁልሽ።»

ጠብ-አይላት ኋላ የግቢ ጎረቤቴ ሆና ይህን ስትነግረኝ ትስቅ ነበር። የእናት ሆድ ዝንጉርጉር ነው አለችኝ። ከሥራ መባረሩም፣ ስሟ መጥፋቱም አይደለም፤ እህቷ ያቺን አንዲት ቃል እንደ ውለታ ማቅረቧ ነው እስከ ዛሬ ደርቆ የቀረባት። የሰው ጠላት ቢሆን የፈለገውን ይጽፋል። የገዛ እህትሽ ግን ተቀምጣ፣ አስባ፣ ይህቺ ትብዛባታለች፣ ያቺ ትበቃታለች ብላ መርጣ ጽፋብሻለች።

ሐሙስ ሙሉ ቀን ግቢ ስትጠርግ ዋለች። እያመነታች ነበር። እውነቱን ከተናገረች ዋርሳዋ ይወድቃል፣ ከእሱ ጋር እህቷ። ዝም ካለች አሥራ አራት ዓመት የለፋችበት ስም ገደል ይገባል፤ ነገ ሌላ ማደያ ሄዳ «ያቺ የምታፈሰው ሴት» ትባላለች። ከሁሉ የከበዳት ይህኛው ነበር። ሌላ ያላት ነገር አልነበረምና።

ዓርብ ኃላፊው እንደ ቀጠሯቸው መጡ። ሥራ አስኪያጁ ገና መናገር ሳይጀምር፣ እባካችሁ አንድ ጊዜ ተከተሉኝ ብላ ሁለቱንም ለመቅዳት ወደ ተሰለፉት ሚኒባሶች ወሰደቻቸው። የክዳኑን በር ከፈተች።

«ጌታዬ፣ በአውራ ጣትዎ ከላይ በኩል ይጫኑት።»

ኃላፊው መነጽራቸውን አድርገው ተጫኑት። ጎማው ተቆርሶ እጃቸው ላይ ቀረ።

«እኔ ባፈስ ኖሮ ከታች ነበር የሚበላው» አለች። «ቤንዚን ወደ ላይ አይፈስም።»

የሒሳብ ሰው ናቸው፤ ሌላ አላስፈለጋቸውም። ጎማውን አዩት፣ ከሥሩ ያለውን ንጹሕ ቀለም አዩት፣ ሁለተኛውን ሚኒባስ አስከፍተው ያንኑ አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ታዲያ ማን ቀባው አሉ። እሷ የክዳኑን በር ዘጋች። ስም መጥራት አልፈለገችም፤ የፈለገችው አላጠፋችም መባልን ብቻ ነበርና ያ ሆኖላታል። ግን ማደያው ጀርባ ፉጨት ይሰማ ነበር፤ ኃላፊው ወደ ፉጨቱ ሄዱ፤ ሥራ አስኪያጁም ተከተለ።

ዋርሳዋ ሲያያቸው ፉጨቱን አቆመ። እህቷም እዚያ ነበረች፤ ምሳውን ይዛለት መጥታ። ኃላፊው የቆረሱትን ጎማ አሳይተው፣ በምንድን ነው የምታጸዳው አሉት። በዚያች ደቂቃ ፊቱ ላይ የሆነውን ጠብ-አይላት አይታዋለች። መጀመሪያ አፈረ። ቀጥሎ ዓይኑ ከሰው ወደ ሰው ዞረ፣ ቆርቆሮው ላይ አረፈ፣ ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ላይ።

በቤንዚን ነው፣ ጉዳቱን አላወቅኩም ነበር፣ ጎማዎቹን በራሴ ወጪ እቀይራለሁ አለ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ነገሩ አብቅቶ ነበር።

«ቤንዚኑን ግን የምታመጣልኝ እሷ ናት» አለ። «በየቀኑ ነው። ከማሽኑ ሥር።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እህቷ ዞሮ እውነት ነው ወይ አላት። የሚጠይቃት ስለማያውቅ አይመስለኝም፤ እንደ ምስክር ሊያስመዘግባት ነው። እህቷ መሬት መሬት አየች። የምሳ ዕቃውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችው።

«አዎ» አለች።

ኃላፊው ጎማውን ኪሳቸው ከተቱ። እኔ ለዚህ አልመጣሁም አሉ፣ እንዲያውም ይቅርታ ልጠይቃት ነበር አሉ። ግን የማደያው ጉዳይ የማደያው ነው፤ የእሳቸው ጎማ ከተቀየረላቸው የሚሉት የለም። መካኒኩ ጥፋቱን ስላመነና ስለሚጠግን አዝነውለት ሚኒባሶቹን አልነሡትም። እሱም ኪራዩን በጊዜው የሚያመጣ ተከራይ ስለሆነ ሥራ አስኪያጁ ቦታውን አልነሣውም። የማደያውን ቤንዚን ለውጭ ሰው የሰጠ ሠራተኛ ግን ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ደንብ መሠረት ይሰናበታል። አልፈሰሰብሽም፣ እሱ ተረጋግጧል አላት ሥራ አስኪያጁ፣ ያጽናናት መስሎት። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ ስለ መፍሰስ የተጻፈ ነገር የለም። የተጻፈው ሌላ ነው።

ሌሎቹ ሦስት ቀጂዎች ያን ደብዳቤ ስትፈርም በመስታወቱ ያዩዋት ነበር። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ እያንዳንዳቸው ሥራ አገኙ።

ዕቃዋን የሸከፈችው በዚያው ከሰዓት ነው። እህቷ በሩ ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር፤ ወዴት ትሄጃለሽ፣ ቤትሽ እኮ ነው፣ ንዴትሽ ይብረድና እንነጋገር ትላታለች። የምታለቅሰው ከልቧ ነበር፤ ይህን ጠብ-አይላት አትጠራጠርም። እንባ ውሸት ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር። ፍራሽዋን፣ አንድ ሻንጣና የፕላስቲክ ሳፋ በጋሪ ጭና ወጣች። እኛ ግቢ የመጨረሻዋ ክፍል ባዶ ነበረች።

ሁለት ወር ያህል ሥራ አልነበራትም። ለአከራያችን፣ ለአንዲት ጉልበታቸውን ለሚያማቸው መበለት፣ ውሃ ትቀዳላቸዋለች፣ ደረጃውን ታጥባለች። መልሱኝ ብለሽ አትለምኝም ወይ ሲሏት፣ ማንን አለች። እህቷ ሁለት ጊዜ መጥታ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ውሃ ሰጥታ፣ አስቀምጣ፣ ስለ ዝናቡ አውርታ ሸኘቻት። ስትነሣ ይሳሳማሉ። ከዚህ በላይ የሚሆን ነገር አልነበረም።

በመጨረሻ ከከተማው ማዶ አዲስ ማደያ ተከፈተና ቀጂ ፈለገ። እዚያ ያለው ጸሐፊ ወጣት ነው። የቀድሞውን ሥራ ለምን ለቀቅሽ አላት፤ እሷም ምንም ሳትደብቅ ቤንዚን ለዘመድ በመስጠት ተባርሬ ነው አለችው። ልጁ ሳቀ፣ ለዘመድ ያልሰጠ ማን አለ ብሎ። እጅሽን እናያለን፣ ግን ገንዘብ ስለምትቀበይ ዋስ ያስፈልግሻል አላት። ዋሱ የሥጋ ዘመድ ቢሆን ይመረጣል፤ እህት፣ ወንድም፣ እንዲህ ያለ።

ቅጹን ይዛ ወደ ግቢ ተመለሰች። መበለቷ መነጽራቸውን ፈልገው፣ ያላነበቡትን ወረቀት ፈረሙላት፤ አውቅሻለሁ አይደል እንዴ አሏት፣ ሁለት ወር ሙሉ ደረጃዬ ላይ ውሃ አቁረሽብኝ አታውቂም።

ከስማቸው ቀጥሎ «ዝምድና» የሚል ባዶ ቦታ ነበር። ብዕር ከእኔ ተውሳ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ለረጅም ጊዜ አልጻፈችም። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ጥርት ባለ ቀጥ ያለ ፊደል «አከራይ» ብላ ጻፈች።